ይማም ያለቀሰለት ሬሳ

ሳልህ፦ ቅንድብህን አውርድ አልኩህ!

ይማም፦ ወዴት ላውርደው? ቦታው እዚህ ነው።

ሳልህ፦ የሐዘንተኛ ቅንድብ አይዘልም! ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ስቆርጥ ስንት አልቃሽ አይቻለሁ መሰለህ!

ይማም፦ በሩ ላይ ሆነህ?

ሳልህ፦ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ነዋ!

[ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ባሕር ዛፍ ባጠረው የይማም ግቢ ውስጥ ናቸው። ይማም የቀበሌው ኪነት ቡድን አስቂኝ ተዋናይ ነው፤ ገና መድረክ ላይ ብቅ ሲል ሰው ሆዱን ይይዛል። አሁን ግን ኃይለ መስቀል የሚባል የፊልም አዘጋጅ፣ ልጁ የሞተበት አባት ሆኖ እንዲያለቅስ እንጦጦ ላይ ሊፈትነው ነው፤ ዛሬ በመኪናው መጥቶ ይወስደዋል። ጎረቤቱ ሳልህ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ሊያሠለጥነው መጥቷል። ሳልህ የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው።]

ሳልህ፦ በል፣ የሚያሳዝን ነገር አስብ።

ይማም፦ አሰብኩ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ አለቀ።

ሳልህ፦ ይሄ ያናድዳል እንጂ ያስለቅሳል?

ይማም፦ ከኋላዬ የነበሩት አልቅሰዋል።

ሳልህ፦ ወይ ጣጣ! ቀልድህ እንጀራህ ነው፤ ለቅሶ ላይ ምን ሙጭጭ አደረገህ?

ይማም፦ [ፊቱ ጠቆረ] አባቴን የቀበርኩ ቀን ትዝ ይልሃል? መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ "አባዬ!" ብዬ ስጮህ፣ ሰዉ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ወላሂ ሳልህ፣ እንባዬን ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። አንድ ቀን አልቅሼ ሰው ቢያምነኝ ሌላ አልፈልግም። አዘጋጁ ደግሞ "አንድ ሰው ከሳቀ ሌላ ተዋናይ እፈልጋለሁ" ብሎኛል።

ሳልህ፦ [ጉሮሮውን ጠራርጎ] ያን ቀን እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

ይማም፦ አንተማ ከሁሉም ጮክ ብለህ ነው።

ሳልህ፦ በል እንግዲያው ልካስህ! ሬሳ እሆንልሃለሁ።

[አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናነበ።]

ሳልህ፦ ሞቻለሁ። ቀጥል።

ይማም፦ አላህ ይዘንልህ።

ሳልህ፦ መንገድ ላይ ያገኘኸኝ አስመሰልከው እኮ! አልቅስ እንጂ!

ይማም፦ ሬሳ አያዝዝም።

ሳልህ፦ ሬሳው ካልተናገረ አንተ ከየት ታውቃለህ? በጎነቴን እያነሳህ አልቅስ። የአገሩ ወግ እንደዚያ ነው።

[ይማም በጣቱ ሊቆጥር እጁን ዘረጋ። አንድም ጣት ሳያጥፍ ቆየ።]

ሳልህ፦ ምነው?

ይማም፦ እየፈለግሁ ነው።

ሳልህ፦ ውለታ ቢስ! ክረምት ላይ ጣራህን ማን ጠገነልህ?

ይማም፦ አንተ። ማፍሰስ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሳልህ፦ ዝናቡን እኔ አላመጣሁት! በቃ፣ የእውነት ሞቼ ብታጣኝ ምን እንደምትሆን አስበው።

[ይማም አሰበው። ጠዋት ጠዋት አጥሩን አንኳኩቶ የሚጨቀጭቀው ሰው የሌለበት ሰፈር ታየው። መጀመሪያ ደስ አለው። ጥቂት ቆይቶ ግን ሆዱ ባባ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።]

ይማም፦ ሳልህዬ! ወንድሜ! ከእንግዲህ የማውቀውን ማን ያስረሳኛል? ጣራዬን ማን ወጥቶ ያፈርስልኛል? ሳንባዬን ታምሜ በጀርባህ አዝለህ ወንዙን ያሻገርከኝ! መንገዱን ሙሉ ስለ መድኃኒት ያስተማርከኝ! ተነሳ ሳልህ! ተነስና "ተሳስተሃል" በለኝ!

[ድምፁ ቁልቁለቱን ይዞ ሰፈሩን አዳረሰ።]

ሳልህ፦ [ከጋቢው ሥር እየተንሰቀሰቀ] እንዲህ ደግ ነበርኩ እንዴ?

ይማም፦ ዝም በል፣ ሞተሃል!

[ከታች የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።]

ሳልህ፦ ጡሩምባ ነው? ማን ሞተ?

ይማም፦ [በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ] አንተ።

ሳልህ፦ ምን?!

ይማም፦ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጎበና ድንኳን አሸክመው እየመጡ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ሳልህ፦ ልነሳና ላስረዳቸዋ!

ይማም፦ ቆይ! አዘጋጁም አብሯቸው አለ። ኮፍያውን አውልቆ... ሳልህ፣ እያለቀሰ ነው! ማንም አልሳቀም! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ ሙትልኝ።

ሳልህ፦ ዘይቱና ብትሰማስ?

ይማም፦ ሚስትህ ኮተቤ እህቷ ዘንድ ናት። ሳትሰማ ትነሳለህ።

ሳልህ፦ እሺ። ደግሞ ሬሳ መሆን ምን ሙያ ይጠይቃል? አፍን መዝጋት ነው። እኔ ሲኒማ ቤት ያየሁት አንድ ሬሳ...

ይማም፦ ዝጋዋ!

[ግቢው ሞላ። ይማም ሲያለቅስ ሰዉም አብሮት አለቀሰ። ጋሽ ጎበና ከራስጌ ቆመው፣ "ሳልህ ደግ ጎረቤት ነበር። ብቻ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቅ ማስተማር ይወድ ነበር" አሉ። ጋቢው ተነቃነቀ።]

ሳልህ፦ [ብድግ ብሎ] ጋሽ ጎበና! እኔ ነኝ የማላውቀው? እርስዎ የሞተና የተኛ ሳይለዩ አይደል እንዴ ድንኳን የሚያስጭኑት!

[ግማሹ ሰው በአጥሩ ላይ ዘለለ። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ እስከ ወንዙ ተሰማ። አዘጋጁ ይማምን ጥግ ይዞ አነጋገረው።]

ሳልህ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ይቅር በለኝ ይማም። አበላሸሁብህ። ሳቁ።

ይማም፦ [እንባውን እየጠረገ] በእኔ የሳቀ የለም። አመኑኝ ሳልህ፣ ሁሉም አመኑኝ! ፊልሙ የእኔ ነው፤ ፈተናው ቀርቶልኛል።

ሳልህ፦ አልሃምዱሊላህ! ታዲያ ስለ አሠልጣኝህ አልነገርከውም?

ይማም፦ እሱ ራሱ ነው የጠየቀኝ።

ሳልህ፦ [ደረቱን ነፍቶ] አማካሪ ሊያደርገኝ ነዋ!

ይማም፦ "ለሌላ ፊልም የሚያስቅ ሰው ቸግሮኝ ነበር፣ እሱን አምጣልኝ" አለ።

ሳልህ፦ እኔ? እኔ አስቃለሁ? ሰዎች፣ እኔ እኮ ቁም ነገረኛ ሰው ነኝ!

[ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ጎበና ድንኳኑ ላይ ተቀመጡ።]

ሳልህ፦ የምሬን ነው! ለምንድን ነው የማያምኑኝ?

ይማም፦ [ትከሻውን አቅፎ] አይዞህ ወንድሜ። እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ።