ቦዩ እስከ ድንበር ድረስ

ቀረብ በሉ እስቲ፣ ወንበሩን ሳብ አድርጉት። የኔ ጆሮ ደህና ነው፤ የናንተ እንዳይርቅ ብዬ ነው። የማወራችሁ ያለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው፤ እዚህ ኦሃዮ በረዶው ሄዶ ዝናቡ የሚገባበት፣ ሰው ኮቱን ያውልቅ አያውልቅ ሳይወስን የሚከርምበት ወራት። ስፕሪንግ ይሉታል። ስሙ ደስ ይላል፤ ጭቃው ግን ያው ጭቃ ነው።

የዚህን አገር ሰው በብዙ ነገር አደንቀዋለሁ። ወረፋ ያውቃል፣ በር ይይዝላችኋል፣ ሳያውቃችሁ ይስቅላችኋል። በአንድ ነገር ብቻ እስካሁን አልተግባባንም፤ ቤትና መንገድ የትኛው እንደሚቀድም። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ግን ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር እንደሚያይ አውቃለሁ። ሰው በየት ይገባል፣ ውሃ በየት ይወጣል። እዚህ እኛ በምንኖርበት ሉዊስ ሴንተር መጀመሪያ የሚተከለው ዙሪያውን አበባ ያለው ትልቅ የሰፈር ስም ነው። ከዚያ ቤት። ከዚያ ሰው። መንገድና ፍሳሽ ሲደርሱ ይደርሳሉ።

ልጄን ማርታን ያገባው ደረጀ ቦታውን ሊያሳየኝ የወሰደኝ ጊዜ፣ ሜዳው ላይ ከአጨዳ የተረፈ የበቆሎ አገዳ ነበር የቆመው። ዳር ላይ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት አለ፤ በደጁ ትራክተር የሚመላለስበት ቀጭን አስፋልት ያልፋል። በዓመቱ ስንመለስ አገዳው የለም፣ ሜዳው ቤት በቤት ሆኗል። ጎረቤት ከጎረቤቱ በመስኮት ጨው መቀባበል ይችላል፤ ጨው የሚለምን የለም እንጂ። አስፋልቱ ግን ያው ነው። ለአንድ ትራክተር የተሠራ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት መኪና ይዞ ይወጣበታል። ደረጀ ግሮቭፖርት፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። ከሰፈራችን አፍ ወጥቶ አስፋልቱን ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ ከተማውን ለማቋረጥ ከሚፈጅበት እኩል ነው ይላል። ደረጀ አያጋንንም። ስለዚህ እኔም አላጋነንኩም።

ቤቱን የመረጡት ለኔ ብለው ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይማረራል። የዚህ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ከኋላ በኩል በቀጥታ ወደ ጓሮ ይከፈታል፣ አንድ ደረጃ የለውም። እዚያ ክፍል ሰጡኝ፤ አልጋዬ፣ ቴሌቪዥኔ፣ የራሴ በር። የልጅ ልጄ ሊዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ትሠራለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ሁለታችንም የተግባባን እናስመስላለን። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የኔ የምለው ክፍል ያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጓሮው ውሃውን የሚሰድበት አጣ። ቁልቁል ወደ በሬ ላከው። ውሃው ደፉን ነካ፣ በሁለተኛው ቀን ምንጣፉን አራሰ። ማርታ በፎጣ፣ ደረጀ በባልዲ፣ እኔ በምክር ተረባረብን። ከዚያ ስልክ መደወል ተጀመረ። ቤቱን የሠራው ድርጅት ፍሳሽ የካውንቲው፣ የወረዳው አስተዳደር ነው አለ። ካውንቲው የሰፈሩን ማኅበር ጠይቁ አለ። ማኅበሩ የሠራውን ድርጅት ጠይቁ አለ። ማርታ ማኅበር አለን ብላ መጀመሪያ የነገረችኝ ጊዜ፣ የገብርኤል ነው ወይስ የማርያም ብዬ ጠይቄያት ነበር። የሣር ነው አለችኝ። የሣሩን ቁመት፣ የቆሻሻ ገንዳውን ቦታ፣ የበሩን ቀለም እየዞረ የሚያይ ማኅበር ነው። ውሃ አያይም።

በሦስተኛው ዝናብ ማርታ ቁርጡን ነገረችኝ። ምንጣፉ ሻጋታ ከጀመረ ለደረትሽ አይሆንም፣ ፎቅ እንዳትተኚ ደረጃው አለ፣ እስኪስተካከል ድረስ ወንድሜ ጋ ግሮቭፖርት ሂጂ አለች። ልጄ ብሩክ ጥሩ ልጅ ነው፣ አላማውም። ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። እሱ ጋ መኖር ማለት ከጠዋት እስከ ማታ በጣት ጫፍ እየሄዱ ማንቆርቆሪያውን እንዳያፏጭ መለመን ነው። አንድ ጊዜ ሳምንት ቆይቼ አይቼዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ጸሎቴን ራሱ በሹክሹክታ ሳደርስ፣ እግዜር ይስማኝ አይስማኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። ደግሞ ያ «እስኪስተካከል» ያለችው ነገር አልጣመኝም። ሦስት መሥሪያ ቤት እርስ በርሱ ጣት የሚቀሳሰርበት ነገር በኔ ዕድሜ አይስተካከልም።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት፣ ቁልቁለት ላይ። ክረምት ሳይገባ ሰው ሁሉ በደጁ ቦይ ይቀድዳል። ከላይ ያለው ጎረቤትሽ ቀድዶ ቀድዶ ድንበርሽ ላይ ሲደርስ «ደርሼብሻለሁ» ይልሻል። ያኔ አካፋሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ከሱ ጫፍ ተቀብለሽ እስከ ታችኛው ጎረቤት ታደርሺዋለሽ፣ እሱም ይቀበልሻል፣ እንዲህ እየተባባልን እስከ ወንዙ። የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ውሃ ተቀብሎ ያላሳለፈ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስሙ ይነሳ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያለው አካፋ የበረዶ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ላስቲክ ነው፣ መሬት ሲነካ ይለመጣል። ደረጀን ጎመን ልተክል ነው ብዬ ደህና አካፋ አስገዛሁት። አልዋሸሁም፣ በኋላ ተክያለሁ። ቤተሰቡ ሥራና ትምህርት ቤት ሲሄድልኝ በርጩማዬን ይዤ እወጣለሁ። ቁጭ ብዬ ክንድ ያህል እቆፍራለሁ፣ በርጩማዬን ጠጋ አደርጋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ደረጀ አንድ ቀን አየና፣ «እማማ፣ ለጎመን ትንሽ አልጠለቀም?» አለኝ። የኛ አገር ጎመን ሥሩ ረጅም ነው አልኩት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤቶቻችን ድንበር ላይ ደረስኩ። ሕንዶች ናቸው። ወገቤን ይዤ ቆምኩና ወደ ቤታቸው ዞሬ፣ ጮክ ብዬ «ደርሼባችኋለሁ» አልኩ። መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። መልእክቱ ደርሷል ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ሲዘንብ ዋለ። ክፍሌ አንድ ጠብታ አልገባበትም። በሬ ላይ ቆሜ ውሃው በቦዬ ሲወርድ እያየሁ፣ የተማሩትን ሁሉ ትንሽ ታዘብኳቸው።

እሑድ ጠዋት ጎረቤታችን የኮሮና ማስኩን አድርጎ፣ ስልኩን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ስልኩ ውስጥ ሐይቅ አለ። የነሱ ጓሮ ነው። የቤዝመንታቸው መስኮት ወገቡ ድረስ ጠልቋል። ሰውየው የተናገረው በጨዋነት ነው፤ የባሰኝም እሱ ነው። ማርታ ይቅርታ ስትለው ቆይታ ሸኘችውና ወደኔ መጣች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ቦይ ቀደድኩ።»

«እስከ የት?»

«እስከ ድንበራችን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የነሱ ነው። ነግሬያቸዋለሁ።»

«በምን ቋንቋ?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሣሩ ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ውሃ አያይም ብያችሁ ነበር፤ ቦይ ግን ያያል። ደረጀ አነበበልን፤ እስከ ዓርብ ይደፈን ይላል። «እማማ፣ እርስዎ እንዳይደክሙ፣ እኔ ነገ እደፍነዋለሁ» አለኝ። ማርታ ደግሞ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን አውርዳ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

ሰው ቤት ውሃ የላክሁት እኔ ነኝ፣ የምደፍነውም እኔው ነኝ ብዬ ሲነጋ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ከድንበሩ ጫፍ ጀምሬ ሁለት ሦስት አካፋ አፈር እንደመለስኩ የጎረቤቶቻችን የጓሮ በር ተከፈተና የሰውየው እናት ወጣች። እሷም እንደኔው ናት፤ ልጇ አምጥቶ ያስቀመጣት፣ እንግሊዝኛ የማታውቅ፣ ስትራመድ ጉልበቷን የምትይዝ። በመስኮት ራስ እየነቀነቅን ሰላም ከመባባል በቀር ቀርበን አናውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣችና እጇን ዘረጋች። አካፋውን ሰጠኋት። ብትመታኝም አልፈርድባትም ነበር። የመለስኩትን አፈር መልሳ አወጣችው። ከዚያ ከኔ ጫፍ ተቀብላ ወደ ራሷ ጓሮ መቆፈር ጀመረች።

እኔ በአማርኛ አወራኋት፣ እሷ በራሷ መለሰችልኝ። አንዷ ስትቆፍር አንዷ በርጩማው ላይ ታርፋለች። የኔን ቦይ ወደ ኋላ ሄዳ መረመረችና አንድ ቦታ ላይ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው፣ እዚያ ጋ ውሃውን ዳገት አስወጥቼዋለሁ። አስተካከለችው። ደረጀ ማታ ሊደፍን ሲወጣ ቦዩ ረዝሞ አገኘው። ትንሽ ቆሞ አየና ተመልሶ ገባ። ለማርታ ምን እንዳላት አላውቅም፤ ሻንጣው ውስጥ ግን ልብስ አልገባም።

ዓርብ ዕለት አሮጌው የገበሬ ቤት አጥር ላይ ደረስን። ሜዳውን የሸጡት ሽማግሌ እዚያው ነበር የሚኖሩት። ዴቭ ይባላሉ፤ እኔ ጋሽ ዴቭ እላቸው ነበር፣ ስጠራቸው አቤት ባይሉም ይዞሩልኝ ነበር። ያን ቀን ግን ገና አንተዋወቅም ነበር። ከበረንዳቸው ወርደው ሁለት አሮጊት፣ አንድ አካፋና አንድ በርጩማ አዩ። የሕንዷ ልጅና ማርታ ይቅርታ ለመጠየቅ እየተሽቀዳደሙ ደረሱ። ሽማግሌው አላዳመጧቸውም። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ቆዩና ለማርታ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷ ተረጎመችልኝ። ሜዳው ድሮ ረግረግ ነበር፤ አባታቸው ከሥሩ የሸክላ ቱቦ ቀብረው ነው ያደረቁት። ቤት ሠሪዎቹ ሲቆፍሩ ሰባበሩት። ቱቦ አለ ብለው ሽማግሌው አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር።

«ምን አሏቸው?» አልኳት ማርታን።

ጠየቀቻቸው። «እሺ፣ እናየዋለን አሉኝ» አሉ።

ከዚያ ትራክተራቸውን አስነሱና የቀረውን እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ቀደዱት።

ሰኞ ዝናቡ ወረደ። የኔ ክፍል ደረቅ ነው፣ የሕንዷ ጓሮ ደረቅ ነው፣ የጋሽ ዴቭ ደጅ ደረቅ ነው። አስፋልቱ ግን ውሃ ውስጥ ጠፋ። ለትራክተር የተሠራ መንገድ ዳሩ ላይ ያለውም ቦይ ለትራክተር የሚበቃ ነው። መኪናው ከሰፈሩ አፍ ጀምሮ ዓይን እስከሚያይበት ተሰለፈ። ሥራ የሚሄደው፣ ልጅ የሚያደርሰው፣ ሁሉም ቆሞ ስልክ ይደውላል። ደረጀም መሃላቸው ነበር። ለኔ ደወለና፣ «እማማ፣ ጎመኑ እዚህ ደርሷል» አለኝ።

እኛ ሁለት ወር ሙሉ ደውለን ማንንም አላመጣንም። በማግስቱ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በሦስት መኪና መጡ። ለካ ቤት የገባ ውሃ የባለቤቱ ነው፤ መንገድ ላይ የወጣ ውሃ ግን የመንግሥት ነው። ይሄን የነገረን ሰው ቢኖር እኮ ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ አስፋልቱ እቆፍር ነበር። ከኛ ጓሮ ጀምረው እስከ አስፋልቱ ማዶ፣ እኔ በርጩማዬን ይዤ ውስጡ ቁጭ ልልበት የምችል ሰፊ ቱቦ ቀበሩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁና ልነሳ። ቦዬ ተደፍኗል፤ ላዩን ሣር አልብሰውታል፣ ማኅበሩም ቁመቱን ይለካል። እኔ እዚያው ክፍሌ ነኝ፣ ምንጣፉም ተቀይሯል። ብሩክ ግሮቭፖርት ማንም ሳይረብሸው ቀን ቀን ይተኛል። ሕንዷ እህቴ ብርዱን አገሯ አሳልፋ፣ ጉልበቷን አሳክማ ተመልሳለች፤ አሁን ከኔ ትፈጥናለች፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ደረጀ ዛሬም ሰፈሩ አፍ ላይ ይሰለፋል፤ መንገዱ ይሰፋል የሚል ሰሌዳ ተተክሏል፣ ሰሌዳውን እያነበበ ይጠብቃል። ጋሽ ዴቭ የቀረቻቸውን ቁራሽ መሬት ሸጠው ልጃቸው ጋ ሄዱ፤ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው ስድስት ቤት እየተሠራ ነው። ያ ትልቁ ቱቦ ውሃችንን ወዴት እንደሚወስደው ደረጀን ጠይቄው ነበር። ወደ ታች ነው አለኝ። ታች ማን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም።