የታዋቂነቴ ማስረጃ

«ሙያ በልብ ነው» ተብለን ያደግን ሰዎች ለአንድ ነገር ፈጽሞ አንመችም፤ ለባለሙያ ቪዛ። አንገታችሁን ደፍታችሁ፣ «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» እያላችሁ የኖራችሁበትን ጨዋነት ያ ቅጽ በአንድ ገጽ ያፈርሰዋል። የሚጠይቃችሁ ማወቃችሁን ሳይሆን መታወቃችሁን ነው፤ ማን ስለ እናንተ ተናገረ፣ በየትኛው መገናኛ ብዙኃን፣ በምን ቀን? ትሕትና አባሪ ሆና አትያያዝም።

እኔ ጎባ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር፣ በትርፍ ጊዜዬ በሃረና የጫካ መንደሮች እየዞርኩ የሽማግሌዎችን ምሳሌያዊ ንግግር በኦሮምኛም በአማርኛም የምሰበስብ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራዬ በመገናኛ ብዙኃን የቀረብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሮቤ በሚተላለፍ ሬዲዮ፣ ለግማሽ ሰዓት። ውጭ አገር ሆኖ የቪዛ ጉዳዬን የያዘው ጠበቃዬ፣ ያለዚያ ቅጂ ማመልከቻው እንደማይገባ ቁርጡን ነገረኝ። ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ቅጂው ቦታ ሲጠብ ተሰርዟል። ጋዜጠኛው ከልቡ አዝኖ፣ «ካገኘኸው ማኅተም አደርግበታለሁ» አለኝ፤ የጠፋ በሬህን ካመጣህልኝ እመሰክርልሃለሁ እንደ ማለት።

ተስፋዬን ቆርጬ የጎባን ሚኒባስ ልሳፈር ሳልፍ፣ ልብስ ሰፊው ሐጂ ቃዲር ከሱቃቸው ጠሩኝ።

«አንተ መምህር! አካም ጅርታ? ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ለካ ሐጂ፣ የሮቤ ሬዲዮ ሞገድ የማይደርስባት ብድሬ ለምትኖር እህታቸው፣ የወደዱትን ዝግጅት ሁሉ ስልካቸውን ከሬዲዮው አስጠግተው እየቀዱ፣ በሚሞሪ ካርድ በአውቶቡስ ይልኩላታል። የእኔም ከስልካቸው አልጠፋም። ሳላውቀው ብድሬ ደርሻለሁ!

ቅጂው ውስጥ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ስለ ምሳሌያዊ ንግግር ጥልቀት በምራቀቅበት መሀል አንዲት ሴት፣ «ኧረ ሐጂ፣ የልጄ ቀሚስ!» ትላለች። ሐጂም፣ «ዝም በይ! እንዲህ የሚናገር ሰው በዚህ አገር የለም» ይላሉ። ጋዜጠኛው እየሳቀ በጽሑፍ ግልባጩ ላይ ማኅተሙን መታ፤ ተርጓሚውም አንድ ቃል ሳያስቀር ቀሚሱን ጭምር ተረጎመው።

ጠበቃው በሳምንቱ መልስ ጻፈ። አድናቆቱ ጠንካራ ማስረጃ ነውና፣ ያደነቀህ ሃያሲ ማን እንደሆነ፣ ሙያውና ለዚህ ፍርድ የበቃበት ምክንያት ተጽፎ ይቅረብ አለ።

ሐጂ ዘንድ ሮጥኩ፤ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።

«ሃያሲ ምንድን ነው?»

«የሰውን ሥራ መርምሮ ውበቱንና ጉድለቱን የሚናገር ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ ሃያሲዎቹ ደንበኞቼ ናቸው!»

ከዚያ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«በል ጻፍ። ሙያዬ ልብስ ሰፊ ነው። ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሱቄ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ይህ ልጅ በሬዲዮ ሲናገር መኪናዬን አቆምኩ። ዋላሂ አቆምኩ። ሌላ የማውቀው የለም።»

ቅጂውን ደግመን ከፈትነው። እውነታቸውን ነው። ሲጀመር ይንጣጣ የነበረው የስፌት መኪና ሴትየዋ ከመጮኋ ጥቂት ቀደም ብሎ ጸጥ ብሏል፤ እስከ መጨረሻው። ስለ ሂስ ስማር የኖርኩት እኔ፣ ይህን የመሰለ ፍርድ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ቃላቸውን እንዳለ ገለበጥኩት፤ ፈረሙበት። ቪዛው ይምጣ፣ ይቅር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ ይህን ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?» አልኳቸው።

«ተነሥተህ» አሉኝ፣ እግራቸውን ወደ መርገጫው እየመለሱ። «የሰው ሱሪ ላይ ተቀምጠሃል።»