ጨጓራ ነው፤ ያልፋል

ሐኪም የሌለበት ከተማ አይቻለሁ፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ቤተሰብ ግን አላየሁም። የኛ ቤት ተሿሚ የእናቴ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ክቡር ጋሼ ናቸው። ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ጨጓራ ነው፤ ያልፋል።» ራስ ምታት? ጨጓራ። ጉልበት? ጨጓራ። ጎረቤታቸው ከሚስቱ ተጣልቶ ቢመጣ፣ «ጨጓራዋ ነው፤ ታገሣት» ብለው ሸኙት።

አምና የራሳቸው ሆድ ተቃጠለ። ሲመረመሩ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸውና ሳያቋርጡ የሚጨርሱት ኪኒን ታዘዘላቸው። ክቡርነታቸው ግን ሕመሙ ጋብ እንዳለ የተረፈውን ለደንበኛ አደሉት! ኮት ሊያስጠብብ የመጣ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሁለት ፍሬ ይዞ ይወጣል።

«ጋሼ፣ መድኃኒት እንደ ከረሜላ ይታደላል?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺ እሳት! ሕመሙን ከተካፈልን መድኃኒቱን ብንካፈል ምናለበት?»

ባክቴሪያው ሳይመርቃቸው አልቀረም። ሰውየው ይከሱ ጀመር። ሸሚዛቸው እንደ መጋረጃ ተንጠለጠለ፤ ሱሪያቸው ግን ሁሌም ልክክ። ልብስ ሰፊ ሲከሳ ማን ያውቅበታል? ሰው ሳያይ እያጠበበ ይለብሳላ! እኔ የነቃሁት አንገታቸውን አይቼ ነው። እየጎተትኩ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ አዘዘች። «ደህና ነው» ሲባል፣ ጋሼ ወረቀቱን መቀሳቸውን ከሚሰቅሉበት ሚስማር ላይ ሰቅለው ለገባ ለወጣው አሳዩ። «ደሜ መሰከረልኝ!»

«ካንሰር እያለም ደም ዝም የሚልበት ጊዜ አለ» አለች ሐኪሟ፣ ስንመለስ ኮሪደሩ ላይ አግኝታን። «ሆድዎን በካሜራ አይቼ፣ ከጨጓራዎ ቁራጭ ወስጄ ካላስመረመርኩ አልለቅዎትም።»

«ሰው ካሜራ ይውጣል እንዴ?»

«የታዘዘለትን ኪኒን ቢውጥ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ!» አልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ያፍጥ! ስንቱን ነው «ያልፋል» እያልን የቀበርነው?

ጋውን ለብሰው ገቡ። በሩ ላይ ሱሪያቸውን አስያዙኝ።

የመጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሱሪውን ወገብ ገለበጥኩት። ስፌት በስፌት ላይ ተደርቧል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ የጠበበ። ጨርቁ ግን አልተቆረጠም። ተጣጥፎ፣ ተተኩሶ፣ ውስጥ ተቀምጧል።

በሩ ተከፈተ። «ቁስል አለ። ቁራጩን ልኬዋለሁ፤ ውጤቱን እንጠብቃለን» አለችኝ ሐኪሟ። ከኋላዋ ጋሼ በተሽከርካሪ አልጋ ወጡ።

«ምን ትፈትሻለሽ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሻክሮ።

«አልቆረጡትም፣ ጋሼ።»

«የትኛው ሞኝ ይቆርጣል? ስወፍር ይፈታል።» ወደ ሱሪው አዩና፣ «ያልፋል፣ አይደል?»

እኚህ ሰው ጠይቀው አያውቁም፤ ሥራቸው መፍረድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሞግታቸው ኖሬ፣ ያን ቀን ብቻ ልክ እንዲሆኑ ፈለግሁ። ሱሪውን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት።

«ጨጓራ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።