ውኃ ያልነካው ሞተር

የሰው ልጅ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ክቡሩ ምንም ያልተሠራበት ነው። ይህን ታላቅ እውነት ለዓለም ያበረከተችው በስዊድን ባሕር ላይ ከተበተኑት ትናንሽ ደሴቶች አንዷ፣ የእኛዋ ናት፤ ለውለታዋ ግን እስካሁን ማንም አላመሰገናትም።

ነገሩ የጀመረው ጎረቤታችን ሂልዲንግ የሟች አባቱን ጎተራ ሲያጸዳ ነው። ከአሮጌ መረቦች ሥር አንድ የጣውላ ሳጥን አገኘ። ሲከፍተው፣ ከአባቱ የጉብዝና ዘመን የቀረ የጀልባ ሞተር ከነፋብሪካ ወረቀቱ እንደተጠቀለለ ተኝቷል። አባትየው የገዛው የፊተኛው ሲበላሽ ሊተካበት ነበር። የፊተኛው አልበላሽም አለ፤ ሽማግሌው ቀደመውና ሞተ።

ሂልዲንግ ደግሞ የዋህ ሰው ነውና ሞተሩን ሊሠራበት አሰበ። ደግነቱ፣ ያን ሰሞን ሲክስተን የሚባል የአሮጌ ሞተሮች ዋጋ ገማች ከከተማ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ።

«ውኃ ነክቶታል?» አለ በሹክሹክታ።

«አልነካውም።»

«ቤንዚንስ?»

«ጠብታም አልቀመሰ።»

ሲክስተን ባርኔጣውን አወለቀ። ሠርቶ የሚያውቅ ሞተር ብረት ነው፣ ሠርቶ የማያውቅ ግን ቅርስ ነው ሲል አስረዳ። በመጪው በጋ ተመልሶ በይፋ እንደሚገምተው ቃል ገባና፣ እስከዚያው ማንም እንዳይነካው አደራ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሂልዲንግ ሌላ ሰው ሆነ። በቤቱ ውስጥ እርጥበት የማይገባው የመኝታ ክፍሉ ብቻ ስለነበር ሞተሩን እዚያ አስገባው፤ እሱና ሚስቱ ጉንቮር ወደ ወጥ ቤት ወረዱ። ለክፍሉ ማሞቂያ ለመግዛት ደህና የሚሠራውን የጀልባቸውን ሞተር ሸጠ። ዓሣ የምታጠምደው ጉንቮር ስለሆነች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ መረቧ ድረስ እየቀዘፈች መሄድ ግድ ሆነባት። ለጤና ጥሩ ነው አላት።

ደሴቷ በቅናት ነደደች። ሁሉም የሚሠራ ሞተሩን እየሸጠ በሳጥን ያለ ሞተር ፈልጎ ገዛ፤ ያልተነኩ ሞተሮች ወዳጆች ማኅበርም ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ሂልዲንግ በምሥረታው በዓል ላይ እንዲህ ሲል ተናገረ፦ «ሞተር ለመሄድ ነው የሚሉ አሉ። ክቡራንና ክቡራት፣ የሚሄድ ሁሉ ይደርሳል፤ የደረሰ ሁሉ ያረጃል!» ብዙዎች አለቀሱ። ሞተሩን ዕድሜ ልኩን የሠራበት አንድ አዛውንት በኀፍረት ቤቱ ተከተተ።

በጋው ደረሰና ሲክስተን ብቻውን በኪራይ ጀልባ መጣ። ወደቡ ላይ የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ሄሪንግ የሚባል ኮምጣጣ ዓሣና ድንች አሰናድተን ስንጠብቀው፣ ዓይናችን እያየ የጀልባው ሞተር ጠፋ። ነፋሱም ወደ ቋጥኞቹ ይነዳው ጀመር።

ማኅበሩ እዚያው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። አንድ ሞተር መሥዋዕት መሆን እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ተስማማን። የማን ይሁን ሲባል እያንዳንዱ የጎረቤቱን ሞተር ያሞግስ ጀመር። ጉንቮር ግን ቤት ገብታ የእነሱን ታቅፋ ወጣች። ሂልዲንግ መንገዷ ላይ ቆመ።

«ጉንቮር፣ ሰውዬው እኮ የሚመጣው ይህንኑ ሊገምት ነው።»

«ከሰመጠ ማን ሊገምትልህ ነው?»

ዞር አለላት፤ ጀልባው ላይ ማሰሩንም አገዛት። ቤንዚን ሞሉበት፣ የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። ዝም። ደግመው ደጋግመው ሳቡ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባላል፤ የእኛ ያልተነካ ግን ምንም አያውቅም ነበር። ጉንቮር ነቅላ ወደብ ላይ ጣለችውና መቅዘፊያ አነሣች። ሂልዲንግም፣ ለክብሩ ስል እመሰክራለሁ፣ ሞተሩን ዞር ብሎ ሳያይ ዘልሎ ገባና ሁለተኛውን መቅዘፊያ ያዘ። ሲክስተን ላይ የደረሱት ጀልባው ቋጥኝ ላይ ተፈርክሶ እሱ ስባሪው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው።

ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደብ ላይ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ ያየው ከሥሩ ውኃ የሚንጠባጠበውን ሞተር ነበር።

«ነክቶታል» አለ።

ሂልዲንግ አቀረቀረ። «ነካው። ቤንዚንም አጠጣነው። ብቻ አልነሣም አለን።»

«አልነሣም አለ? ሰው እየሰመጠ?»

«እርስዎ እየሰመጡ።»

ሲክስተን ጥርሱ እየተንገጫገጨ ተነሣ። ሞካሪ ስላጣ ሳይሠራ የቀረ ሞተር ዕድለኛ ብቻ ነው፤ ይህ ግን ተለምኖ፣ የሰው ነፍስ ተይዞበት ሳለ እንኳ አልሠራም ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጽሕና ታይቶ አይታወቅም ሲል በየነ። ዋጋውም በእጥፍ ከፍ አለ። ማኅበሩ አጨበጨበ።

ሄሪንጉን ከበላ በኋላ ሲክስተን፣ «ለመሆኑ ወደ ከተማ ማን ይመልሰኛል?» ሲል ጠየቀ።

ጉንቮር የቀሚሷን ጠርዝ እየጨመቀች፣ «ሞተሩን ይጠይቁት» አለችውና ወደ ቤቷ ሄደች። ሂልዲንግም ሊቀ መንበርነቱን እዚያው ትቶ ተከተላት። ያን ቀን ወደ መኝታ ክፍላቸው ተመለሱ።

ሲክስተን እስካሁን እኛው ዘንድ ነው። ማኅበሩ አዲስ ሳጥን ባሠራለት ሞተር አጠገብ በክብር ተቀምጧል፤ የትም ባልሄደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ነው ይላሉ።