የሩቅ አገር ፕሬዚዳንት ለቅሶ በቁስቋም

እኛ ሰፈር ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም። ፊቱን ያጠቁራል፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል። የሞተው ማን እንደሆነ ከጎኑ ከተቀመጠው ቀስ ብሎ ይሰማል። ባይሰማም ግድ የለም። ለቅሶ መድረስ እንጂ ሟች ማወቅ ማን ግዴታ አደረገው? ባለፈው ክረምት ግን የሟቹ ማንነት ሲነገረው ንፍሮው ጉሮሮው ላይ የቆመበት ሰው ብዙ ነው።

ጋሼ ታደሰን ታውቋቸዋላችሁ? አታውቋቸውም፤ ከቤት አይወጡም። ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ያለው ግቢ የሳቸው ነው። የተማሩ ናቸው። እንዲያው የተማሩ ብቻ አይምሰላችሁ፤ መነጽራቸውን ሲያወልቁ ግንባራቸው ላይ ፊደል ታትሞ ይታያል። እኔ ደግሞ ፊደል ቆጥሬ እንደጨረስኩ ከትምህርት ቤት ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ። እናም አንድ ቀን ምን እንደሚጽፉ ጠየቅኳቸው። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት፣ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ፣ አንዲት ባሕር ዳር ያለች አገር ይመራ የነበረ ፕሬዚዳንት ታሪክ ነው አሉኝ። ስሙንም ነገሩኝ። ረጅም ስም ነው፤ ግማሹን ስይዝ ግማሹ ይወድቅብኛል። ስለዚህ ሰውዬው እንበለው።

«ጋሼ፣ የኛ ነገሥታት አለቁ እንዴ?» ብላቸው፣ «የኛዎቹ ጠያቂ አያጡም። እሱ ማን አለው?» አሉኝ።

የዕድሜያቸውን ግማሽ ለሰውዬው ሰጡ። የጻፉት ካርቶን በካርቶን ሆኖ አንድ ክፍል ሞላ፣ ከዚያ ኮሪደሩን ያዘ። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ከኩሽና ሳሎን ለመግባት በዊንጌት አደባባይ ዞረው ነበር የሚመጡት።

ሥራው ሲያልቅ፣ አይጥ ከሚማርበት ብለው ወረቀቱን ለቤተ መዛግብት ሰጡት። ቤተ መዛግብት ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ወረቀት ጡረታ የሚወጣበት ቤት ነው። መኪና መጣ፣ ካርቶኑ ተጫነ፣ ክፍሉ ባዶ ቀረ። ጋሼም አብረው ባዶ ቀሩ።

ምግብ እምቢ አሉ። ወሬም እምቢ። ባዶው ክፍል ውስጥ ወንበር አስገብተው ግድግዳ ያያሉ። ከመክሳታቸው የተነሳ ኮታቸው ብቻውን የተቀመጠ ይመስል ነበር። እትዬ በላይነሽ ሐኪም አመጡ፤ ምንም የለባቸውም ብሎ ሄደ። ጸበል አመጡ። ሁሉም ሲያቅታቸው እኔን አመጡ።

«አንተ እንደሆነ ድንጋይ ታስቃለህ። በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ እንዲቀምሱልኝ አድርግ» አሉኝ። ዓይናቸው አብጧል።

ያለኝን ቀልድ ሁሉ አወረድኩት። የጎረቤት ዶሮ ሳትቀር ሳቀች። ጋሼ ወይ ፍንክች።

ስወጣ ነው ነገሩ የበራልኝ። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ሐዘን ነው አልኳቸው እትዬን። ሰውዬው ሞቶባቸው አስተዛዛኝ አጥተው ነው። ደግሞስ በኛ አገር ሐዘንተኛ አልበላም ማለት ይችላል? ጎረቤት መቼ ይለቀዋል?

እድሩ ተሰበሰበ። ጸሐፊው ደንቡን ጠቀሰ። ድንኳን የሚወጣው ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለአማት ነው፤ ፕሬዚዳንት የሚል የለም አለ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ።

«ከተጋባን ጀምሮ ማዕዳችን ላይ ስሙ ሳይነሳ ውሎ አያውቅም። የእናቴ ልጅ እንኳ ሲመጣ ሳምንት አይቆይም። እሱ ግን ክፍል ይዞ ኖረ። ይሄ ቤተሰብ ካልሆነ ቤተሰብ ማነው?»

ጸሐፊው ደንቡን አጣጠፈ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ፈረዱ። ድንኳኑ ይተከል፣ ጡሩምባ ግን አይነፋም። ጡሩምባ ነፊው ማን ሞተ ሲባል ምን ብሎ ይመልስ?

በማግስቱ ጋሼ ኮሽታ ሰምተው ብቅ ቢሉ ደጃቸው ላይ ድንኳን። «ማን ሞተ?» አሉ። ከስንት ቀን በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። አቶ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የርስዎ ሰው ናቸው ጋሼ። እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

ሊቆጡ ነው ብዬ ለሩጫ ተመቻቸሁ። ቆመው ቆመው፣ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሰፈሩ አልቃሽ እማማ ድንቄ ጠጋ ብለው ለቅሶ ላይ የሚጠየቀውን ጠየቁ። «ምን አሟቸው ነበር?»

ጋሼ መመለስ ጀመሩ። ግን ከሰውዬው እናት ነው የጀመሩት። ጠዋት የተጀመረው መልስ፣ ሲመሽ ሰውዬው ገና ጥርስ አላበቀለም። ለትንፋሽ ባቆሙ ቁጥር እትዬ በላይነሽ ጉርሻ። እምቢ ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ሌላ ጉርሻ። በሁለተኛው ቀን ሰውዬው ሥልጣን ያዘ። ወሬው ተሰምቶ ከዊንጌት ድረስ ሰው መጣ። የገዛ ሚኒስትሩ የከዳው ጊዜማ አንድ የታክሲ ረዳት «እኔ ያንን ሰው ገና ትናንት ጠርጥሬዋለሁ» ብሎ አግዳሚውን በጡጫ መታው።

በሠልስቱ ሰውዬው ሞተ። እማማ ድንቄ ተነስተው ደረታቸውን እየመቱ ሙሾውን አወጡት፦

ባሕር ማዶ ኖረህ፣ ባሕር ማዶ ሞተህ፣
ቁስቋም ድረስ መጣህ፣ አልቃሽ ዘመድ አጥተህ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ያላለቀሰ አልነበረም፤ ጸሐፊው ራሱ ደንቡን ረስቶ ተንሰቀሰቀ። ጋሼም አለቀሱ። ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠርገው ወደ እትዬ በላይነሽ ዞሩና «እራት የለም እንዴ?» አሉ። እትዬ ወደ ኩሽና ሮጡ።

ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ጋሼ ቆመው ሁላችንንም አመሰገኑ። ቀጥለውም፣ ከሰውዬው በኋላ የተሾመውን ፕሬዚዳንት ታሪክ ነገ እንደሚጀምሩ አበሰሩን።

አቶ ሽብሩ የድንኳኑን ገመድ እንደያዙ ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኚህኛው ጤንነት እንዴት ነው?»

«ገና መች ተወለደ» አሉ ጋሼ። «ከአያቱ ሰርግ ነው የምጀምረው።»

አቶ ሽብሩ በረጅሙ ተነፈሱና ድንኳኑን ጠቀለሉ። እውነታቸውን ነው። በጋሼ አካሄድ፣ ይሄኛው ሰውዬ እድርተኛውን አንድ በአንድ ቀብሮ ነው የሚሞተው።