የራሳችን አይደል?

«የራሳችን አይደል?» ባይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሱሉልታ ብቅ በሉ። የወተት ማኅበራችን የላም ኢንሹራንስ ሲያቋቁም ሽበቴን አይተው ሊቀመንበር አደረጉኝ፤ ሽበት የሚበቅለው ከጭንቅላት ውጭ መሆኑን ማን ያስታውሳቸው?

በክረምት የአበልጄ የቶሎሳ ላም ሞተች። ከኮሚቴው ጋር ሄደን ስናይ፣ ኢንሹራንስ ለገባች ላም የምንሰጠው የጆሮ ቁጥር ሟቿ ላይ ተንጠልጥሏል። በረት ያለችው የነጠፈች ላም ጆሮ ግን ይደማል።

«ቶሎሳ፣ ቁጥሩ ከዚህች ጆሮ ወደ ሟቿ በእግሩ ሄደ እንዴ?»

«እንዴ ኦቦ ደምሴ! ልጆቼ ወተት አጡ እኮ። ኢንሹራንሱስ የራሳችን አይደል?»

አበልጄ ነው። ግን ጨከንኩ።

«የራሳችን ስለሆነማ ነው የምንጠብቀው! ዛሬ ላልገባች ላም ከከፈልን፣ ነገ መዋጮ የሚከፍሉት እማማ አስካለ ላማቸው ብትሞት ምን እንሰጣቸዋለን? ካሳ የለም!»

ኮሚቴው ግን እንዲህ ወሰነ፦ ካሳ ከማኅበሩ ሣጥን አይውጣ፣ ርኅራኄ ግን ከየበረታችን ይውጣ፤ የቀረችው የቶሎሳ ላም እስክትወልድ ለልጆቹ በየተራ ወተት እንላክ። «ማን ይጀምር?» ሲባል ዓይን ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

ይኸው፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሻዬን ያለ ወተት እየጠጣሁ ነው። ይመራል፤ ውሳኔው ግን አይነቃነቅም።