የሐይቅ ጠቅላይ አስታማሚ

እታለም ዘሀራ በየጠዋቱ ደጇ ላይ ቆማ አውራ ጣቷን በምራቅ እያራሰች ቅንድቧን ታስተካክላለች። ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ ትቃኛለች፤ የታመመ ፍለጋ።

እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ሰፈር ካለ፣ እዚያ ሰው አይታመምም ማለት ነው። ሌላው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው፤ የሐይቅ ከተማ ጠቅላይ አስታማሚ ክብርት ዘሀራ ግን የምትሄደው ሌላውን ሲያመው ነው። "አብሽሩ፣ እኔ አለሁ" ካለች አለቀ። ሐኪሙ በሽተኛውን ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ጎረቤቷ አያ ኑርዬ ጥርሱን ተነቅሎ "አመመህ?" ሲባል፣ "ኧረ ምንም" ያለችው እሷ ናት። ግሸን የሚሳለሙ ክርስቲያን ጎረቤቶቿንም አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታ፣ "እኚህ ጉልበታቸውን፣ እኚያ ደግሞ ወገባቸውን" እያለች ለሹፌሩ አደራ ትላለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሁሉም በሽታ ከነመድኃኒቱ ሰፈሩን ያዳርሳል።

የሰፈሯ ልጅ ኢንሳፍ የፈራችው ይህንኑ ነው። የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ሳትመለስ ቀረች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ሆነ ሥራዋ። ፀጉሯን ማበጠር የአምባሰልን አቀበት የመውጣት ያህል ከበዳት። አንዱ "የሰው ዐይን ነው" አለ፣ ሌላው "ትምህርት በዛባት" አለ። እሷ ግን "የአእምሮ ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ሳዑዲ የምትሠራው እናቷ በስልክ አልቅሳ ተስማማች፤ "ግን ከእታለም ዘሀራ ጋር ነው የምትሄጂው።"

"እታለም፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለሰው እንዳታወሪ።"

"እኔ?" አለች ዘሀራ፣ ከልቧ ተገርማ። "እኔ መቼ አውርቼ አውቃለሁ?"

ደሴ ደርሰው ዶክተር ሙዓዝ ፊት ተቀመጡ።

"እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"አይወስዳትም።"

"ምግብስ?"

"ሁለት ጉርሻ። እሱም በእኔ ቁጣ።"

"መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?"

ዘሀራ አፏን ከፈተች። ዞር ብላ ኢንሳፍን አየቻት፤ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች።

"ይሄንን... እኔ አላውቅም" አለች ዘሀራ ቀስ ብላ። ተነሥታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።

ኢንሳፍ ቀና ብላ የተዘጋውን በር አየች። ከዚያ በራሷ አፍ "አዎ" አለች። የቀረውን ተናግራ ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባት፤ ያጣደፋትም፣ የመለሰላትም አልነበረም።

አሁን ትምህርቷ ላይ ናት፤ ቀጠሮዋንም አታጓድልም። ግቢ ውስጥ እንደሷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ላዞሩ ልጆች ሁሉንም ታወራላቸዋለች፤ ዘሀራ ጋ ስትደርስ ይስቃሉ። ዘሀራም "አውሪ፣ ምን ገዶኝ" ብላታለች። "ያችን የኮሪደሯን ብቻ ተያት፤ ዋሾ ታስብለኛለች።"

ኢንሳፍ ግን ወሬዋን የምትጨርሰው በዚያችው ነው። ያን ዕለት በሩ እንደተዘጋ፣ ገና አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ከኮሪደሩ የሐይቋን ጎረቤታቸውን የሲቲን ድምፅ ሰማች።

"ዘሀራ? ደግሞ እዚህ ማንን ይዘሽ መጣሽ?"

"ማንንም" አለች እታለም ዘሀራ። "እኔው ነኝ ያመመኝ።"